የጎልማሳ ፊደል፤ መንግሥትና ሕዝብ ስለ ነገ ያሰቡት

ሕፃን ፊደል የሚቆጥረው ወላጆቹ ልከውት፣ መምህሩ ገሥጾት፣ ዕድሜውም ጊዜ ሰጥቶት ነው፤ ጎልማሳ ግን ከእርሻው፣ ከንግዱ፣ ከልጆቹና ከምድጃው ሰዓት ቀንሶ ፊደል ፊት የሚቀመጠው፣ ነገ ከዛሬ የተለየ ሆኖ በኅሊናው ሲታየው ብቻ ነው። መንግሥትም በበኩሉ ከልጆች ትምህርት ቤት አልፎ ለአባቶችና ለእናቶች ሰሌዳ የሚያቆመው፣ መጪው ትውልድ አድጎ እስኪደርስ ሊጠብቀው የማይፈቅደው አንድ የነገ አገር በሐሳቡ ሲቀረጽ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ የሚመረምር ሰው የመማሪያ መጻሕፍትንና የዘመቻ ዙሮችን ዝርዝር ብቻ አያገኝም፤ በየዘመኑ የነገሡትና የገዙት ምን ዓይነት ዜጋ ይመኙ እንደ ነበር፣ ዜጋውም በተማረው ፊደል ምን ዓይነት ኑሮ ሊያቀና ያስብ እንደ ነበር የሚመሰክር ማስረጃ ያገኛል። እነዚህ ሁለት ተስፋዎች አንዳንድ ጊዜ ገጠሙ፣ ብዙ ጊዜም ተለያዩ፤ የትምህርቱ ፍሬ መጽናቱም ሆነ መርገፉ የተወሰነው በዚሁ መግጠምና መለያየት እንደ ሆነ አምናለሁ።

መንግሥት በዚህ ነገር እጁን ከማስገባቱ አስቀድሞ፣ በክርስቲያኑ አገር የፊደል ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ተማሪው ከፊደል ቆጠራ ተነሥቶ፣ በንባብ ቤት አልፎ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የሚደክመው፣ ከዚያም ወዲያ ወደ ዜማው፣ ወደ ቅኔውና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜው የሚዘልቀው፣ ለዲቁናና ለቅስና፣ ለማኅሌትና ለመምህርነት፣ ከሁሉም በላይ ለነፍሱ መድኃኒት ብሎ ነበር። በወሎ፣ በሐረርና በሌላውም የእስልምና አገር የቁርኣን ቤት እንዲሁ ነበረ፤ ደረሳውም በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ቃል እየደገመ ያድግ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ፊደል ለጥቂቶች የተሰጠ ጸጋ እንጂ የሁሉ ገንዘብ አልነበረም፤ የቀረው ባላገር በርስት ክርክርም ሆነ በብድር ውል ጽሕፈት ያስፈለገው ቀን፣ ደብተራ ወይም ጸሐፊ ፈልጎ ቃሉን በሌላ ሰው ብዕር ያስጽፍና፣ በወረቀቱ ግርጌ የአውራ ጣቱን አሻራ አኑሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። የተጻፈው እርሱ የተናገረው ስለ መሆኑ ግን ከጸሐፊው ሃይማኖት በቀር ዋስ አልነበረውም። በኋላ ዘመን ጎልማሳውን ወደ ፊደል ከሳቡት ምኞቶች አንዱና ሥር የሰደደው፣ ከሹመትና ከደመወዝ ምኞት ያልተናነሰው፣ ይህ በሰው ዓይን ከማየት የመውጣት ምኞት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፣ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁና መንግሥቱን ከባሕር ማዶ ኃያላን ጋር የሚያነጋግሩ ወጣቶችን ለማፍራት ነበርና፣ ጎልማሳው በዚያ ሐሳብ ውስጥ ገና ቦታ አልነበረውም። ፋሺስት ኢጣልያ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከተማሩት ጥቂቶች ብዙዎቹን ከፈጀች በኋላ ግን፣ በ1933 ዓ.ም. ወደ መንበሩ የተመለሰው መንግሥት ሚኒስቴሮቹን ሲያደራጅ፣ ግብሩን በደረሰኝ ሲሰበስብና ፍርድ ቤቶቹን በመዝገብ ሲያሠራ፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው እጥረት በየበሩ ገጠመው፤ ሥራውም ልጆቹ አድገው እስኪደርሱ የሚጠብቅ አልነበረም። በ1940ዎቹ መባቻ በአዲስ አበባ የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው ትምህርት ቤት፣ ቆይቶም ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) እና ልዩ ልዩ ማኅበራት የከፈቷቸው የማታ ክፍሎች፣ ቀን በዘበኝነት፣ በተላላኪነት፣ በሱቅ ጠባቂነትና በወታደርነት ሲያገለግሉ የሚውሉትን ሰዎች ሲመሽ ደብተር አስይዘው ይቀበሉ ነበር። የእነዚህ ተማሪዎች ነገ ግልጽ ነበር፤ ተላላኪው መዝገብ ቤት ሊገባ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጸሐፊ ሊሆን፣ ጸሐፊውም ፈተናውን አልፎ ክፍል ሊመራ ይመኝ ነበር። መንግሥቱም የሚፈልገው ይህንኑ ስለ ነበር ሁለቱ ተስፋዎች በዚህ ቦታ ያለ ግጭት ተገናኙ፤ የከተማው የማታ ትምህርት አስገዳጅ አዋጅ ሳይወጣለት ለብዙ ዘመን የጸናበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. ነገሩ ከከተማ ወጥቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ፣ ሕዝቡም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በድምፁ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ በዚያው ዘመን የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ማስታወቂያም ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከሥራው በሚተርፈው ሰዓት አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲማር አሳሰበ። የፊደል ሠራዊት የተባለው ድርጅትም በዚሁ ጊዜ ተነሥቶ መምህራንን፣ ተማሪዎችንና የመንግሥት ሠራተኞችን በበጎ ፈቃድ አሰለፈ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየው የነገ ሥዕል፣ በአንድ ልሳን የሚያነብ፣ አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ ራሱ የሚያይ፣ እንደራሴውን የሚመርጥ፣ ለዙፋኑም የታመነ ሕዝብ ነበር። ሥዕሉ ያማረ ሳለ ግን፣ እንዲማር የተጠራው ባላገር በብዙ ቦታ የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበርና፣ ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ከሰጠ በኋላ ለትምህርት የሚተርፍ ሰዓትም ሆነ የሚያነበው ወረቀት አልነበረውም። የእናቱ ቋንቋ አማርኛ ያልሆነው ገበሬ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር፣ ያልለመደውን ልሳንና ያልለመደውን ፊደል፣ እንዲማር ተጠየቀ። የመንግሥቱ ነገ ከጭሰኛው ነገ ጋር ሳይገናኝ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የማታው ተማሪ በፊደል ደመወዝ ሲያገኝበት፣ ጭሰኛው በፊደል የሚያገኘው መሬት አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን «የምሥራች ድምፅ» በሚል ስም ያካሄደችው የመሠረተ ትምህርት ሥራ በምዕራብና በደቡብ ገጠሮች ብዙ ሰዎችን ፊደል አስቆጠረ፤ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ድንጋጌ መሠረትም የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነበር። መንግሥት ደግሞ የአምስት ዓመት የልማት ዕቅዶችን ማውጣት ከጀመረ ወዲህ የሚመኘው ዜጋ መልኩን ለወጠ። በቴህራን የተሰበሰቡት የዓለም የትምህርት ሚኒስትሮች ፊደል ከሥራ ጋር ተያይዞ እንዲሰጥ ከመከሩ በኋላ፣ ኢትዮጵያ በዩኔስኮ ርዳታ ሥራ ተኮር የሆነ የጎልማሶች ትምህርት ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ሞከረች፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ስለ መኪናው አያያዝና ስለ አደጋ ጥንቃቄ፣ ገበሬው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ቡናው አለቃቀምና አደራረቅ እያነበበ ፊደሉን እንዲለይ ታሰበ። ዜጋው በፊት ለዙፋኑ ታማኝ እንዲሆን ይፈለግ እንደ ነበረ፣ አሁን ደግሞ ምርት እንዲያበዛ ተፈለገ፤ ይሁን እንጂ ምርቱ ቢበዛ የማን ጎተራ እንደሚሞላ የሚያስረዳ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ሲፈነዳ፣ ከመቶው የኢትዮጵያ ሕዝብ 93ቱ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነው ተብሎ ይነገር ነበር፤ ይህም ቁጥር ለአዲሶቹ ገዢዎች የአሮጌው ሥርዓት መክሰሻ ሆኖ አገለገላቸው።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ከዩኒቨርሲቲውና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አውጥቶ በመላ አገሪቱ በተነ። ዘማቹ ፊደል ሊያስተምር ቢላክም፣ በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ዋና ሥራው አዋጁን ለገበሬው ማንበብና የገበሬ ማኅበር ማደራጀት ሆነ። በዚህች አጭር ጊዜ በኢትዮጵያ የጎልማሳ ትምህርት ታሪክ ከቶ ያልታየ ነገር ሆነ፤ የሚነበበው ወረቀትና የገበሬው ጥልቅ ምኞት፣ ማለት የሚያርሰው መሬት፣ በአንድ ቃል ተገናኙ። ወጣቱ ዘማች ያሰበው ነገ ግን ሥልጣን ከያዘው ወታደራዊ መንግሥት ከደርግ ነገ ይፈጥን ነበርና፣ ሥልጣን ለሕዝብ እንዲሰጥ የሚጠይቁት ዘማቾች ከየአካባቢው ሹም፣ ቆይቶም ከራሱ ከመንግሥት ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ፣ ከእነዚህም ስንቶቹ በተከታዩ የሽብር ዘመን በየጎዳናው ወደቁ።

ታላቁ ሥራ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን የተከፈተው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» እያለ በከተማው በቀበሌ፣ በገጠሩ በገበሬ ማኅበር አማካይነት በየዙሩ ተዘረጋ፤ አስተማሪው ተማሪና መምህር፣ ወታደርና የቢሮ ሠራተኛ፣ ጡረተኛና ቄስ፣ ፊደል የምታውቅ የቤት እመቤትም ጭምር ነበር። ትምህርቱ በቀበሌ አዳራሽና በትምህርት ቤት፣ እነዚህ በሌሉበትም በዳስና በዛፍ ጥላ ሥር ይሰጥ ነበር፤ ሰሌዳው ጥቁር ቀለም የተቀባ ሳንቃ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ፈተናውን ያለፈ ጎልማሳ ምስክር ወረቀት እየተቀበለ ወደ ድኅረ መሠረተ ትምህርት ያልፍ ነበር፤ በዚያም ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ስለ እርሻና ስለ ኅብረት ሥራ የሚያስተምሩ ትንንሽ መጻሕፍት ይጠብቁት ነበር፤ በየገጠሩም የማንበቢያ ክፍሎች ተቋቁመው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ዘመቻውን ያስተባበረው ብሔራዊ ኮሚቴ በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለ፤ ክብሩም የሚገባ ነበር፤ ድሀ አገር በራሷ ልጆች ጉልበት እንዲህ ያለ ሥራ ስትሠራ በዓለም ብዙ ጊዜ አልታየምና።

ከዘመቻው ሥራዎች ሁሉ የበለጠ መዘንጋት የማይገባው የቋንቋው ነገር ነው። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን በቋንቋቸው የመጠቀም መብት አውቆ ስለ ነበር፣ ዘመቻው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ ተጀምሮ፣ በኋላም ሲዳምኛ፣ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ከፍኛ፣ ስልጥኛ፣ አፋርኛ፣ ሳሆኛ፣ ኩናምኛና ትግረ ተጨምረውበት በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ ያልተሰሙ ልሳናት ነበሩና፣ የጌዴኦ ወይም የከምባታ ሽማግሌ የእናቱን ቃል በታተመ መጽሐፍ ላይ ባየ ጊዜ፣ መንግሥት የሰጠው ፊደል ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለ፤ ቋንቋው ሊጻፍ የሚገባው፣ እርሱም በቋንቋው ሊደመጥ የሚገባው ሰው መሆኑን አብሮ ተቀበለ። መንግሥቱ በዚህ ያሰበው ብዙ ልሳናት አንድ የሶሻሊዝም ሐሳብ ሲናገሩ ለመስማት ነበር፤ የሆነው ግን ከዚህ የሰፋ ነው፤ ቋንቋው የተጻፈለት ሕዝብ ከሶሻሊዝሙ መውደቅ በኋላም በልጆቹ ትምህርት ቤትና በአደባባዩ ይህንኑ ቋንቋ መጠየቁን አልተወም።

መንግሥትና ዜጋ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ልዩ ልዩ ነገ ያነቡ እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚገልጡ ነገሮች አሉ። መንግሥቱ በ1977 ዓ.ም. የጀመረው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ የሚሄድ ሲሆን፣ በኅብረት ሥራ የሚያርስ፣ በአዲስ መንደር የተሰበሰበ፣ መሃይምነት የጠፋበት የገጠር ሕዝብ ያስብ ነበር፤ የመማሪያውም መጻሕፍት ይህንኑ ሐሳብ ከፊደሉ ጋር አስገብተዋል። በዳሱ ሥር የተቀመጠችው እናት ግን የፈለገችው ሌላ ነበር፤ በጦር ግንባር ያለ ልጇ የላከውን ደብዳቤ ለጎረቤት ሳታሳይ ራስዋ ልታነብ፣ መልሱንም በራስዋ እጅ ልትጽፍለት፣ በገበያ ሒሳብ ሳትታለል ልትመለስ ትፈልግ ነበር። ባልዋ የገበሬ ማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ ሊመረምር፣ በስሙ የተመዘገበውን መዋጮና የእህል ኮታ ልክ መሆኑን ሊያይ፣ በሰንበትም በቤተ ክርስቲያኑ ውዳሴ ማርያም ራሱ ሊደግም ይመኝ ነበር። ፊደል የሰጠው ሰው የሚነበበውን ሊመርጥ እንደማይችል የሚታወቀው ከዚህ ነው። ኮታው፣ የመንደር ምሥረታውና የወጣቶች ለውትድርና መወሰድ እየከበደ ሲሄድ፣ ማንበብ የቻለው ገበሬ በወረቀቱ ላይ ያነበበው ቃል ከሚኖረው ኑሮ ጋር እንደማይስማማ በዓይኑ አየ፤ ለብዙዎችም የመሠረተ ትምህርቱ ጥሪ እንደ ሌላው የቀበሌ ግዴታ ሁሉ የሚፈጸም ነገር ብቻ ሆነ።

ከዚያም የሆነውን ሁሉም ያውቃል። የ1977ቱ ረኃብ፣ ያልቆመው የሰሜን ጦርነት፣ በመጨረሻም በግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥቱ መፍረስ ተከታተሉ፤ ዕቅዱ ዘመኑን ሳይጨርስ አቃጁ አለፈ። የደርግ መንግሥት በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ከመሃይምነት ወጥቷል ይል የነበረ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤቶች ቆጠራ ግን ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ሩብ እንኳ የማይሞሉ ሆነው ተገኙ። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የተሳሳተ ሪፖርት ብቻ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የተማሩትን ፊደል በእጃቸው ይዘው የሚያነቡት አጥተው ረሱት። ጋዜጣው ከገጠሩ መንደር አልደረሰም፣ የማንበቢያ ክፍሎቹ ተዘጉ፣ ትንንሾቹ መጻሕፍት አልታተሙም፤ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ፣ በግዕዝ ፊደል የራሱን ቋንቋ ማንበብ የለመደው ጎልማሳ በገዛ ልጁ መጽሐፍ ፊት እንደገና ያልተማረ ሰው ሆነ። ለውጡን የወሰኑት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ በዳሱ ሥር ፊደል የቆጠረውን ያንን ትውልድ ግን ያማከረው አልነበረም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ «የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት» በሚል ስም የመጣው ፕሮግራም ፊደልን ከጤና፣ ከእርሻ፣ ከቁጠባና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር አጣምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ያስተምራል። በዚህም ውስጥ የዘመኑ መንግሥት የነገ ሥዕል ይታያል፤ የሚቆጥብ፣ የልማት ቡድን አባል የሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ምክር የሚቀበል፣ በራሱ ጥረት ከድህነት የሚወጣ ቤተሰብ ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፣ ከዚህ በፊት ከነበሩትም ይልቅ ለኑሮ ይቀርባል፤ ነገር ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ የሚጀምረው መንግሥት ከጎልማሳው ምን እንደሚፈልግ ነው፤ ጎልማሳው ለራሱ ምን እንደሚፈልግ የሚጠየቀው፣ ቢጠየቅም፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ነው። ተማሪው ከሁለት ወር በኋላ ከትምህርቱ ሲቀር ስንፍናውን ከመውቀስ በፊት፣ የተሰጠው ነገ የእርሱ መሆን አለመሆኑን መመርመር ይገባል።

ይህን ሁሉ ታሪክ የምናስታውሰው የቀደሙትን ለመክሰስ አይደለም፤ የፊደል ሠራዊት በጎ ፈቃደኞች፣ በ1967 የዘመቱት ወጣቶችና የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች ያለ ደመወዝ የሠሩት ሥራ ከማንኛውም ገዢ ሐሳብ የሚበልጥ ቅን አገልግሎት ነበርና፣ ምስጋናቸው በትውልደ ትውልድ ሊነገር ይገባል። ከድካማቸው የምንማረው ግን ግልጽ ነው። የማታው ትምህርት የጸናው ተላላኪው የፈለገውና መንግሥቱ የፈለገው አንድ ስለ ነበረ ነው፤ የ1967ቱ ንባብ የነካው መሬቱና ቃሉ ስለ ተገናኙ ነው፤ የ15ቱ ቋንቋዎች ሥራ ከመንግሥቱ ዕድሜ ያለፈው ሕዝቡ ለራሱ ስለ ወሰደው ነው፤ የቀረው የረገፈው ደግሞ ጎልማሳው የሌላውን ሰው ነገ እንዲያነብ ስለ ተገደደ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ለጎልማሶች ሰሌዳ የሚያቆም መንግሥትም ሆነ ማኅበር፣ አስቀድሞ ከገበሬዋና ከሠራተኛው ጋር ተቀምጦ ማንበብ የሚሹትን ይጠይቅ፤ ከምስክር ወረቀቱ ቀን በኋላ በቋንቋቸውና በሚያውቁት ፊደል የሚነበብ ጋዜጣና መጽሐፍ በየመንደሩ እንዲደርስ በጀቱን ይመድብ፤ ያነበቡትን ተናግረው፣ የመሰላቸውን ጽፈው የሚደመጡበትንም ሸንጎ ያዘጋጅ። ዜጋ ስለ ነገው የሚያስበውን በራሱ እጅ ጽፎ ለመንግሥቱ ማቅረብ ሲችል፣ መንግሥቱም ያንን ተቀብሎ ዕቅዱን ሲያርምበት፣ የጎልማሳ ትምህርት ያን ጊዜ ተፈጸመ ይባላል።